ኢናሜል የተቀባ የኪስ ሰዓት በግራም አይሸጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከደብረ ማርቆስ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ድረስ አሮጌ የኪስ ሰዓት እንገዛለን የሚሉ ደላሎች እየበዙ መጥተዋል። የዋጋ አወጣጣቸው አንድ ዓይነት ነው። ክዳኑን በመፈተኛ ድንጋይ ይፍቃሉ፣ አሲድ ያንጠባጥባሉ፣ ማሽኑን ያወጡና ባዶ ቀፎውን መዝነው በግራም ይከፍላሉ። ለተራ የብር ወይም የወርቅ ኪስ ሰዓት ይህ አሠራር ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። በኢናሜል (በእሳት ቀልጦ በብረት ላይ በተነጠፈ ባለቀለም መስታወት) ለተሳለ፣ ጠርዙ በሉል ለተከበበ፣ ለቻይና ገዢዎች ተብሎ ለተሠራ ሰዓት ግን ጥፋት ነው። የእንዲህ ዓይነቱ ሰዓት ዋጋ ያለው በሥዕሉ፣ በሉሉና ሳይነካካ በመቆየቱ ነው፤ ሚዛን እነዚህን አያይም፣ አሲድ ደግሞ ያበላሻቸዋል። ይህን የምንጽፈው በሰዓት ጥገና ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። እንዲህ ያለ ሰዓት የወረሰ ቤተሰብ ከመሸጡ በፊት ሊያውቀው የሚገባውን በዝርዝር ለማስፈር ነው።

በመጀመሪያ ሰዓቱ ምን እንደሆነ እንናገር። ከዚህ በታች የአውሮፓውያኑ ታሪክ ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የእኛ ሕጎች ዓመቶች በእኛ አቆጣጠር ናቸው። ከ1757 እስከ 1842 ምዕራባውያን በባሕር ከቻይና ጋር እንዲነግዱ የተፈቀደላቸው በካንተን፣ በዛሬዋ ጓንግዡ ብቻ ነበር። ሻይና ሐር ሊገዙ የሄዱት ነጋዴዎች ቻይናውያን ባለሥልጣናትና ባለጸጎች ከአውሮፓ ዕቃ ሰዓትን እንደሚወዱ ስላዩ ለእነሱ ዓይን የሚስማማ ሰዓት ያሠሩ ጀመር። መጀመሪያ ላይ የለንደን ሰዓት ሠሪዎች ስም የገነነበት ነበር። ከእነሱ አንዱ ዊሊያም ኢልበሪ ነው፤ በስሙ የተሸጡት ምርጥ ሰዓቶች ቀፏቸው የተሳለው በጄኔቫ ባለሙያዎች እጅ ነው። ከዚያ ኤዱዋር ቦቬ የሚባል ከስዊዘርላንድ ፍለሪዬ መንደር የወጣ ሰዓት ሠሪ በ1818 ካንተን ገባ፤ በ1822 ከወንድሞቹ ጋር ለንደን ላይ የንግድ ድርጅት አቋቋመ። ፍለሪዬም በአሥርታት ውስጥ ለቻይና ገበያ የሚሠሩ ሰዓት ሠሪዎች መንደር ሆነች። በ1842 ቻይና ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረመችው የናንኪን ውል አምስት የቻይና ወደቦች ሲከፈቱ ንግዱ ይበልጥ ሰፋ።

ሰዓቱ በምን ይለያል? መጠኑ ትልቅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ55 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ፊቱ ነጭ ኢናሜል ነው፣ ቁጥሮቹ ሮማዊ ናቸው። ረጅሙ ሰከንድ ቆጣሪ በትንሽ ክብ ውስጥ ለብቻው አልተቀመጠም፤ ከመሐል ተነስቶ ሙሉውን ፊት ይዞራል። ጀርባው ላይ የአበባ እቅፍ፣ ወፍ፣ የሐይቅ ዳር መልክዓ ምድር ወይም እናትና ልጅ በቀለም ተስለዋል። የመስታወቱ ጠርዝ፣ አንዳንዴም ማንጠልጠያው ጭምር፣ በግማሽ የተከፈሉ ደቃቅ ሉሎች ተደርድረውበታል። የኋላው ክዳን ሲከፈት ከውስጥ ሁለተኛ ክዳን ይገኛል፤ ይህ ብዙ ጊዜ መስታወት ነው፤ በእሱ በኩል ድልድዮቹ (ጎማዎቹን የሚይዙት ሰሌዳዎች) ሁሉ በአበባ ቅርጽ የተቀረጹ ማሽን ይታያል። የሚሞላው በዘውድ ሳይሆን በቁልፍ ነው። ማሽኑ ወይም ፊቱ ላይ በቻይና ፊደል የተጻፈ የሻጩ ምልክት ሊኖር ይችላል።

ሁለት ነገሮች ባለቤቱን ያሳስታሉ። አንደኛው ስሙ ነው። ቦቬ አንዳንድ ሰዓቶቹን የሚያወጣው ስሙን ከኋላ ወደ ፊት ገልብጦ ነበር፤ በላቲን ፊደል ሲነበብ «ቴቮብ» ይሆናል። «እንዲህ የሚባል ኩባንያ የለም፣ ሐሰተኛ ነው» የሚል ገዢ ቢመጣ አትደንግጡ። ሁለተኛው ሰከንድ ቆጣሪው ነው። በብዙዎቹ ላይ ቆጣሪው አይንሸራተትም፤ እንደ ባትሪ ሰዓት በየሰከንዱ አንዴ ይዘላል። «ውስጡ ተቀይሯል፣ ባትሪ ገብቶበታል» የሚል ሰው ይኖራል። እውነታው ግን ሌላ ነው፤ እነዚህ ሰዓቶች የቻይና ዱፕሌክስ በሚባል አሠራር የተሠሩ ናቸው። መልቀቂያው ጎማ፣ የሞላውን ኃይል በየተራ የሚለቀው፣ ሁለት ዓይነት ጥርስ አለው፤ አንዱ ይቆልፋል፣ አንዱ ባላንሱን (ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘውን ጎማ) ይገፋል። የሚቆልፈው ጥርስ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ስለሆነ ጎማው አንድ ጥርስ ሙሉ በሙሉ የሚያልፈው ባላንሱ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ሲወዛወዝ ነው። ዝላዩ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ይኸው አሠራር የጥንቃቄ ምክንያትም ነው። ዱፕሌክስ የሚገፋው በአንድ አቅጣጫ ብቻ በመሆኑ ተንገጫግጮ ከቆመ በራሱ ላይነሳ ይችላል፤ ስለዚህ የቆመ ሰዓት ሁሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ቆመ ብሎ ደጋግሞ መንቀጥቀጥ ወይም ሞላውን አጥብቆ መሙላት ግን የጥርሱን ቀጭን ጫፍ ይሰብራል፣ ባላንሱ ዘንግ ላይ ያለችውን የሩቢ ጥቅልል ጠርዝ ይፈነክታል። ለዚህ መለዋወጫ በገበያ የለም፤ በእጅ መሠራት አለበት። የደረቀ ዘይት ባለበት መሙላት ደግሞ የዘንጎቹን ጫፍ ይበላል። ስለዚህ ሰዓቱ ለረጅም ዓመታት ሳይሞላ ከተቀመጠ አትሙሉት። ለገዢ «ይሠራል» ብሎ ለማሳየት የሚደረግ ሙከራ ከሰዓቱ ዋጋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። የድሮ ሰዓት ሰብሳቢ የማይሠራ ነገር ግን ያልተነካ ማሽን ይመርጣል፤ በተራ ጥገና የተቆራረጠ ማሽን ግን ሲያይ እጁን ይሰበስባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ኢናሜሉ እንግባ። ኢናሜል ቀለም አይደለም። የተፈጨ መስታወት ከብረት ኦክሳይዶች ጋር ተቀላቅሎ በብረቱ ላይ ይነጠፍና በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ምድጃ ውስጥ ይቀልጣል። ሰማያዊው ከኮባልት፣ ቀዩ ከወርቅ ይገኛል። አንድ ሥዕል ለመጨረስ ሰሌዳው ብዙ ጊዜ ወደ እሳት ይመላለሳል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ የመሰንጠቅ ወይም የመቃጠል አደጋ አለ። ብረቱ እንዳይጣመም ከውስጥ በኩልም ኢናሜል ይለብሳል። ከዚያ በላይ የሚደነቀው በሥዕሉ ስር በማሽን የተቀረጸ ወርቅ ላይ ግልጽ ኢናሜል የተነጠፈበት ነው፤ ብርሃን ሲመታው ከስር ያለው ጨረራማ ቅርጽ ይንቦገቦጋል። እንደ ጄኔቫው ዣን ሉዊ ሪክተር (1766–1841) ያሉ ሠዓሊዎች ፊርማ ዋጋውን ብዙ ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ የሥዕሉን ታችና ጠርዝ በ10 እጥፍ ማጉያ ተመልከቱ።

ይህ መስታወት በመሆኑ በጓዳችን ያለው የኢናሜል ሳህን ወድቆ ጠርዙ እንደሚላጠው ሁሉ ከጠርዝና ከማጠፊያው አጠገብ ይላጣል። ሰዓቱን ይዛችሁ መስኮት አጠገብ ቁሙና ብርሃኑ በጎን እንዲመታው ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ከፊት ለፊት የማይታይ ፀጉር መሰል ስንጥቅ በጎን ብርሃን ይታያል። ስንጥቅ ያለበት ሰዓት ይሸጣል፣ ግን ዋጋው በእጅጉ ይወርዳል፤ የተደበቀ ስንጥቅ ደግሞ ከታወቀ በኋላ የከፋ ነው፤ ገዢው ሌላም ነገር ተደብቆብኛል ብሎ ይሸሻል።

አስቸጋሪው በቀዝቃዛ ሙሌት የተሸፈነ ስብራት ነው። የተላጠው ቦታ በሬዚን (ሙጫ መሰል ፕላስቲክ) ተሞልቶ ቀለም ይቀባል፤ በዓይን ይመሳሰላል። ይህን ለመለየት ሌላ አገር መሄድ አያስፈልግም። የብር ኖት መፈተሻ ሐምራዊ መብራት ብዙ ሱቅ አለ። ክፍሉን አጨልማችሁ በመብራቱ ስር ስታዩት እሳት የቀመሰው ኢናሜልና ሬዚኑ በተለያየ ሁኔታ ያበራሉ፤ ሙሌቱ ነጭ ወይም ሰማያዊ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ሉሎቹንም በዚሁ መብራት እዩ። የተፈጥሮ ግማሽ ሉል አንዱ ከሌላው በጥላው ትንሽ ይለያል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥርት ብለው ከነጡ ወይም አንዱ ብቻ በተለየ ካበራ የተተካ ነው። ኋላ የተሠራ አስመሳይ ሰዓት ከሆነ ደግሞ ሥዕሉ ታትሟልና በማጉያ ሲታይ እንደ ጋዜጣ ፎቶ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ነጥቦች ይወጣሉ። የእጅ ሥዕል የብሩሽ ጭረትና ያልተስተካከሉ ነጥቦች አሉት።

አጥቦ ማቅረብ ትልቁ ስህተት ነው። ሎሚ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙናና ኦሞ ለጌጥ የለመድናቸው ናቸው፤ እዚህ ግን ሁሉም ጠላት ናቸው። ሉል ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ሎሚና ኮምጣጤ ይበሉታል፤ ላብም ቢሆን በጊዜ ብዛት ያደበዝዘዋል። ሉሉን የያዘው ማጣበቂያ በውሃ ይለቃል። በጌጥ ቤቶች ያለው የሚንቀጠቀጥ የጌጥ ማጠቢያ ደግሞ ስንጥቁን ያሰፋል። የሚፈቀደው ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ነው። የወደቀ ሉል ካገኛችሁ በፈጣን ማጣበቂያ አትመልሱት፤ በወረቀት ጠቅልላችሁ ከሰዓቱ ጋር አስቀምጡት። የተላጠውን ኢናሜል እንደገና እናቃጥለው የሚል ባለሙያ ካለም እምቢ በሉ። ለዚያ ሉሎቹ ሁሉ መነቀል አለባቸው፣ አለበለዚያ ይቃጠላሉ፤ የማጠፊያው ብየዳ ሊቀልጥ ይችላል፤ የድሮው ኢናሜል በድብቅ ስንጥቁ በኩል ይፈነዳል።

ወርቁንስ? አንድ ቀላል ስሌት እናስቀምጥ። ባዶ ቀፎው 40 ግራም ቢመዝንና ባለ 18 ካራት ቢሆን ንጹሕ ወርቁ 30 ግራም ነው፤ ደላላው የሚከፍለው የዚህን ብቻ ነው፤ ያውም የኢናሜሉን ክብደት ቀንሶ። ወርቁን ለማግኘት ኢናሜሉ ተሰብሮ መውጣት አለበት። ከእነዚህ ሰዓቶች ብዙዎቹ ደግሞ ወርቅ ሳይሆን ወርቅ የተቀባ ብር ናቸው፤ በሚዛን ሲወጡ ዋጋቸው ከቁም ነገር አይገባም፣ በሥዕላቸው ግን አሁንም የሚፈለጉ ናቸው። «ብር ነው» ተብሎ በርካሽ የሚወሰደው በዚህ መንገድ ነው።

ስለ ጥንድ መናገር አለብን፤ ይህ ጎጃም ውስጥ እንደ ሌላው ቦታ ሁሉ በውርስ ክፍፍል ወቅት የሚፈጠር ጉዳት ነው። ለቻይና የተሠሩ ምርጥ ሰዓቶች በጥንድ ነው የሚሸጡት፤ ስጦታ በጥንድ መስጠት በዚያ አገር የተለመደ ስለሆነ ነው። የአንዱ ሥዕል የሌላው የመስታወት ግልባጭ ነው፤ በአንዱ ወደ ቀኝ ያየች ወፍ በሌላው ወደ ግራ ታያለች። ቁጥራቸውም ብዙ ጊዜ ተከታታይ ነው። ጥንድ ሰዓት ከሁለት ነጠላ ሰዓቶች ድምር ይበልጣል። ለወንድምና ለእህት አንዳንድ ተብሎ ከተካፈለ ግን ሁለቱም ነጠላ ሆኑ። ስለዚህ በዓይነት አትካፈሉት፤ ሸጣችሁ ገንዘቡን ተካፈሉ። ሣጥኑ፣ ቁልፉ፣ ሰንሰለቱ፣ የድሮ ደረሰኝ ወይም ደብዳቤ ካለ ደግሞ ከሰዓቱ አይለይ።

በሕግ በኩልም ከመሸጥ በፊት የሚጠናቀቅ ሥራ አለ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 842 መሠረት ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ በቁጥር 996 ደግሞ ፍርድ ቤት የወራሽነት ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ያ ወረቀትና ወራሾች ሁሉ የፈረሙበት የሽያጭ ስምምነት ከሌለ ጥንቁቅ ገዢ አይነካውም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ክሪስቲስ የተባለው ጨረታ ቤት ጄኔቫ ላይ ለሽያጭ ያቀረበውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት በባለቤትነት ጥያቄ ምክንያት ከጨረታ ለማውጣት ተገድዷል፤ በንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት ላይ የደረሰው በማንኛችንም ላይ ሊደርስ ይችላል። ሌላው የቅርስ ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ሰዓቱ የውጭ አገር ሥራ ቢሆንም የሀገር ታሪክ የተያያዘበት ሊሆን ስለሚችል «ይህ ቅርስ አይደለም» ብላችሁ ራሳችሁ አትወስኑ። አስቀድማችሁ በዞኑ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት አስመዝግቡ፤ ለመላክ ስታስቡም አዲስ አበባ ከሚገኘው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን በጽሑፍ ጠይቁ። ወረቀት የሌለው ሰዓት አየር ማረፊያ ሊያዝ ይችላል፤ ተደብቆ ቢወጣም ጨረታ ቤቱ የመውጫ ወረቀት ሲጠይቅ ይቆማል።

ስለ ታሪክ ከተነሳ አንድ ነገር እናንሳ። በጎጃም ብዙ ቤተሰብ የድሮ ሰዓት ሲያሳይ «ራስ ኃይሉ የሸለሙት ነው» ይላል። ራስ ኃይሉ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1924 ከራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓ መሄዳቸው እውነት ነው፤ ስለዚህ ነገሩ የማይሆን አይደለም። ገዢ የሚከፍለው ግን ለሚሆን ነገር ሳይሆን ለተረጋገጠ ነገር ነው። ፎቶግራፍ፣ ኑዛዜ፣ በክዳኑ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ወይም ደብዳቤ ካለ አቅርቡ። ከሌለ «የአያታችን ነበር» ብሎ በቅንነት መናገር ይበልጣል። የማይረጋገጥ ስም ማከል የተረጋገጠውንም ያስጠረጥራል።

የሽያጩ ሂደት እንግዲህ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ፎቶ አንሱ። ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ ጥላ ውስጥ፣ ያለ ፍላሽ፤ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጎኑን፣ ማንጠልጠያውን፣ ውስጠኛውን ክዳን፣ ማሽኑን፣ እያንዳንዱን ቁጥርና ማህተም፣ ሥዕሉን በቅርበት፣ ጉዳቱንም በቅርበት። በአንዱ ፎቶ ማስመሪያ አስገቡ። ክዳኑ በጥፍር ካልተከፈተ ቢላ አታስገቡ፤ ጠርዙ ላይ ያለው ኢናሜል ይነሳል። ቁጥሩ በቀፎውና በማሽኑ ላይ አንድ መሆኑን አስተያዩ፤ ከተለያየ ማሽኑና ቀፎው የተለያዩ ሰዓቶች ሊሆኑ ይችላሉ። የሚታየውን ጉዳት በግልጽ ጻፉ።

ከዚያ ፎቶዎቹን ለሁለት ወይም ለሦስት የታወቁ ጨረታ ቤቶች ላኩ። አንቲኮረም፣ ክሪስቲስ፣ ሶዝቢስ፣ ቦንሃምስ የሰዓት ክፍል አላቸው፤ ለዚህ ዓይነቱ ሰዓት ጄኔቫና ሆንግ ኮንግ የሚካሄዱ ሽያጮች ተስማሚ ናቸው፤ ቻይናውያን ሰብሳቢዎች የሚገዙት እዚያ ነው። የመጀመሪያ ግምት ብዙውን ጊዜ በነጻ ነው። ለግምት ብላችሁ ሰዓቱን አትላኩ፤ ፎቶ ይበቃል።

ዋጋ ስታስሱ በሱቅ የተለጠፈውን የጥያቄ ዋጋ ትታችሁ በጨረታ የተሸጠበትን እዩ። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። በድረ ገጽ የሚታተመው ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ገዢው ለጨረታ ቤቱ የሚከፍለውን ተጨማሪ፣ ብዙ ጊዜ ሩብ ያህል፣ ይዟል፤ እሱ የእናንተ አይደለም። ለምሳሌ ጨረታው በ20,000 የስዊስ ፍራንክ ቢያልቅ፣ የሻጭ ኮሚሽን 10 በመቶ 2,000፣ ኢንሹራንስ 1.5 በመቶ 300፣ የፎቶና የካታሎግ 200 ቢሆን በእጅ የሚገባው 17,500 ነው። ኮሚሽኑ በድርድር ይቀንሳል፤ ጠይቁ። ሰዓቱ ከእሱ በታች እንዳይሸጥ የሚወሰን ዝቅተኛ ዋጋም ይኑራችሁ፤ ከግምቱ ዝቅተኛ ወሰን አይበልጥም። ሳይሸጥ ቢመለስ ምን እንደሚያስከፍሉ በውሉ ላይ አንብቡ። ያልተሸጠ ሰዓት ዓመት ሁለት ዓመት ሳይቆይ እንደገና ቢቀርብ ገዢ ያስታውሰዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያልተጋነነ ግምት የሚሰጣችሁን ምረጡ።

መጓዣው ራሱ አደጋ ነው። ሰዓቱ እንዳይሞላ፤ ኃይሉ ያለቀ ሞላ ማሽኑን አይጎዳም። በንጹሕ ነጭ ወረቀት ጠቅልሉት፣ ጥጥ አትጠቀሙ፤ ክሩ ሉሉ ላይ ይያያዛል። ቁልፉን ለብቻው፣ ሰዓቱን ከማይጫን ሣጥን ውስጥ አድርጉት። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ከሆነ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል የአባይን ገደል ስትወርዱና ስትወጡ ያለው መንገጫገጭ ዋነኛው ጠላት ነው፤ ከታች ሻንጣ ውስጥ አይግባ፣ ጉልበታችሁ ላይ ይሁን። የፖስታ ድርጅቶች ብዙዎቹ ለጥንታዊ ዕቃ በሙሉ ዋጋው ኢንሹራንስ አይሰጡም፤ ጨረታ ቤቱ የሚያዝዘው ልዩ ማጓጓዣ ውድ ቢሆንም ተመራጭ ነው።

ገንዘቡ በሻጩ ስም ባለ የባንክ ሂሳብ ይግባ፤ ባንኩ ምንጩን ሲጠይቅ የወራሽነት ወረቀቱ፣ የጨረታ ውሉና የክፍያ ዝርዝሩ መልስ ናቸው። ሽያጩን በአገር ውስጥ ከፈጸማችሁም የሰዓቱን ቁጥርና ፎቶ በውሉ ላይ አካቱ። «መጀመሪያ ላሳየው» ብሎ ሰዓቱን ይዞ የሚሄድ ደላላ ደረሰኝ ቢሰጥም ሰዓቱን አትስጡት፤ ገዢው ይምጣ።

ለዞኑ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት የምናቀርበው አንድ ሐሳብ አለን። የኖት መፈተሻ መብራት፣ ማጉያና ማስመሪያ ይዞ በወር አንድ ቀን የቤተሰብ ዕቃ የሚመዘግብ ሰው ቢመደብ ወጪው ትንሽ ነው። በሰዓት ጥገና ላይ ያለን ሰዎችም በዚያ ቀን ያለ ክፍያ ለመርዳት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
ሰዓት ጠጋኞች፣ ከደብረ ማርቆስ